ለስላሳ ብዬ ያዘዝኩት ኮምፔንሳቶ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፦ የምሠራው ቤት አይደለም፣ ጋሪም አይደለም። መኪና የሚጎትተው፣ ባለ ሁለት ጎማ፣ ሁለት ሰው የሚያስተኛ መኝታ ነው። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ስለሌለ ከጎረቤቶቼ አንዱ የሬሳ ሣጥን መስሎት «እግዜር ያጽናዎ» ብሎኛል።

ምክንያቱ ደግሞ ይህ ነው። የባለቤቴ የአለምነሽ እህት ዋጋዬ ከዚህ ራቅ ባለችው መፋዛ ነው የምትኖረው። ግንቦት 17 ልጇን ትድራለች። እህትማማቾቹ ከተያዩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ዋጋዬ ያላት አንድ ጎጆ ነው፤ የሰርግ እንግዳ መሬት ላይ ነው የሚያድር። አለምነሽን ወገቧን አንዳንዴ ያማታል። ሐኪሙ መሬት እንዳትተኛ ከልክሏታል። ስለዚህ «አልሄድም» ብላ ቆርጣለች። እኔም አልጋዋን አስከትዬ ልወስዳት ቆርጫለሁ። ዝናቡ ከጀመረ ጥቁሩ አፈር መንገዱን ይዘጋዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሆን ነገር የለም።

ያለኝ፦ የአህያ ጋሪ ሻንሲ፣ አሮጌ ግን ቀጥ ያለ። ሁለት ጎማ። ወለልና ግድግዳ፣ ያለቀ። በያጅ ያጎበጠልኝ አምስት የብረት ቅስት። ፍራሽ።

የሌለኝ፦ ጣሪያ።

ጣሪያው እንደ ተገመሰ በርሜል ጎባጣ ነው። ቆርቆሮ ሞክሬ ነበር፤ ቀትር ላይ ውስጡ እሳት ሆነ። የሚያስፈልገኝ ሦስት ሚሊ ውፍረት ያለው፣ ሳይሰበር የሚታጠፍ ኮምፔንሳቶ ነው። ሁለት ሉህ ለጣሪያው፣ አንድ ሉህ ለመሞከሪያ።

ዛሬ አምስት ሱቅ ዞርኩ። «ኮምፔንሳቶ» ስል ሁሉም አፌን ያዩኛል። አንዱ መድኃኒት ቤት ጠቆመኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ዛሬ ብልህ ሆንኩ፤ የኮምፔንሳቶ ስባሪ በኪሴ ይዤ ወጣሁ። እንጨት ነጋዴው ባብከር ገና ሲያየው «አብላካሽ!» አለ። ስሙ ይህ ነው ለካ። ስንት ዓመት እዚህ ኖሬ አንድም ቀን ፈልጌው አላውቅም።

«ኡስታዝ፣ ምን ልትሠራበት ነው?» አለኝ፤ መምህር ማለቱ ነው።

ነገርኩት።

«ወላሂ? ሚስትህ አባረረችህ?»

ጨዋታ ያበዛል እንጂ ደግ ሰው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ፣ ግንቦት 13 ጠዋት፣ በቦክሲው፣ ማለትም ኋላው ክፍት በሆነችው መኪናው፣ ጣውላ ጭኖ መፋዛ ይወርዳል። መኝታውን ሊጎትትልን፣ አለምነሽንም ጋቢና ሊያስቀምጣት ተስማማ። ትልቅ ድል።

አብላካሹ ለስላሳ እንዲሆን አጥብቄ ነገርኩት። «ናኢም! ናኢም ጂዳን!» አልኩት ሦስት ጊዜ፤ በጣም ለስላሳ ማለቴ ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ሐድር»፣ እሺ አለኝ።

ለአለምነሽ ስነግራት፣ «የዶሮ ቆጥ አስጎትቼ እህቴ ደጅ አልደርስም። ሰው ምን ይላል?» አለች።

«እንቁላል አመጡ ይላል» አልኳት።

አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም። ቁርሳችን እንቁላል ነበር። «ይኸው፣ ቆጡ ገና ሳያልቅ» ብላ አቀረበችልኝ።

ሦስቱ ሉህ በጋሪ መጣ። እንደ መስታወት ያበራል። እጄን ባሳልፍበት ያዳልጣል። ውፍረቱን ለካሁ፦ ስምንት ሚሊ። በጉልበቴ ተጫንኩት፤ ጉልበቴ ታጠፈ፣ እሱ አልታጠፈም።

ባብከር ጋ ተመለስኩ። «ናኢም አላልከኝም? ናኢም ሰጠሁህ። ዝንብ ቢያርፍበት ይወድቃል!» ሲለኝ ነገሩ ገባኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በእኛ አፍ የተላገ ጣውላም ለስላሳ ነው፣ የታሸ ቆዳም ለስላሳ ነው። በእነሱ አፍ፣ በዓረብኛው ግን የሚያዳልጠው ናኢም፣ የሚታጠፈው ለዪን ነው። አንዱ ቃላችን ለሁለት ተከፍሎ ሲጠብቀኝ፣ እኔ በማያስፈልገኝ በኩል ገባሁ። ተማሪዬ ቢሆን ቀይ እስክሪብቶ አወጣበት ነበር።

«ለዪኑን ስጠኛ» አልኩት። የለውም። ከጦርነቱ ወዲህ ዕቃ ከፖርት ሱዳን የሚመጣው እንደ ቀናው ነው፤ ከሰኔ በፊት አልጠብቅም አለኝ። ሰርጉ ሰኔን አይጠብቅም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ጠዋት ደብተሬን ስከፍት የሰኞው ገጽ ላይ እርማት አገኘሁ። «ወገቧን አንዳንዴ ያማታል» ብዬ ከጻፍኩት ላይ «አንዳንዴ» በእርሳስ ተሰርዟል። ከላዩ «ሁልጊዜ» ተብሎ ተጽፏል። እጅ ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ። እንዳላየሁ ሆኜ ዘጋሁት።

ቁጭ ብዬ ሳስብ ዓይኔ ቁም ሣጥናችን ላይ አረፈ። ጀርባውን በመዳፌ ገፋ አደረግሁት፤ ጎበጥ አለ! ሦስት ሚሊ ነው። ካቻቪቴ አንስቼ የመጀመሪያውን ብሎን ላላ ሳደርግ፣ ከኋላዬ አለምነሽ «ሞክራት!» አለች። ብሎኑን መልሼ አጠበቅሁት።

ሐሳቡ ግን አልጠፋም። የቁም ሣጥን ጀርባ ያለው ቁም ሣጥን የሚሠራ ሰው ጋ ነው። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ተስፋይ የሚባል፣ ከስደተኞች ካምፕ የወጣ ትግርኛ ተናጋሪ አናጺ አለ። ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ሦስት ስስ ሉህ ተደግፏል! ሊሰጠኝ ግን አልፈለገም። የሙሽራ ቁም ሣጥን ታዝዞበታል፤ እሱም ለበሩ የሚሆን አብረቅራቂ እንጨት አጥቶ ሁለት ሳምንት ቆሟል።

«ምን ዓይነት አብረቅራቂ?» አልኩት።

«ናኢም ነዋ!» አለኝ።

ሳቄ አልቆም አለኝ። ተስፋይ ያመመኝ መስሎት ወንበር አቀረበልኝ። ሦስት ናኢም ሰጥቼ ሦስት ለዪን ወሰድኩ። ለቁም ሣጥኑ ጀርባ ካርቶንም ይሆናል፤ ሙሽራ የምታየው በሩን ነው ይላል ተስፋይ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

መጥፎ ቀን። የመሞከሪያውን ሉህ ቅስቱ ላይ አጋድሜ ጫፍና ጫፉን በገመድ ሳብኩ። ቷ! ከመሐል ተሰነጠቀ። አለምነሽ ከጓዳ፣ «ቆጡ ተፈለፈለ?» አለች።

ተስፋይ መጥቶ ስባሪውን አየ። «መምህር፣ ይኼ ተማሪ አይደለም፣ በጆሮው አይጎተትም» አለኝ። የእንጨቱን ጭረት በጣቱ አሳየኝ። ጭረቱ ከቅስቱ ጋር አብሮ እንዲታጠፍ ካስገደድከው ይሰበራል፤ በጣሪያው ርዝመት ካስተኛኸው ግን በጎኑ እንደ ምንጣፍ ይጠቀለላል። ቀላል ነገር ነው። ግን የሚነግርህ ሲኖር ነው ቀላል።

የቀረኝ ሁለት ሉህ ብቻ ነው። ስህተት አይፈቀድም። በስተ ምሥራቅ ደመና አለ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ቅደም ተከተሉን በወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። አንድ፦ ጭረቱን በእርሳስ ምልክት ማድረግ። ሁለት፦ ማዳበሪያ ጆንያ በፍል ውኃ ነክሮ ሉሁ ላይ ማልበስ። ሦስት፦ አለመቸኮል። አራት፦ በገመድ ቀስ እያሉ መሳብ፣ በየመሐሉ ማረፍ።

ውኃውን ያፈላችልኝ አለምነሽ ናት። «ለእንጨቱ አዝኜ ነው» አለች። የገመዱን አንድ ጫፍም ያዘች፣ ቁጭ ብላ። እየጎተትን «ቀስ! ቀስ በል አንተ ሰውዬ!» ትለኛለች።

ታጠፈ። ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ታጠፈ። ሁለተኛውም ታጠፈ። መጋጠሚያውን በቀጭን ጣውላ ሸፍኜ በሚስማር መታሁት። ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን ቀለም ቀባሁ።

«ትሄጃለሽ?» አልኳት።

«ጣሪያው ይድረቅ» አለችኝ። ይህ መልስ ነው?

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለተኛውን ቀለም ቀባሁ፤ ሌላ ሥራ አልነካሁም። ዛሬ ንጋት ላይ ዝናብ መጣ። አጭር ነበር፣ ግን ወፍራም። ልብስ ሳልደርብ ወጥቼ ወደ መኝታው ገባሁ። ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር በእጄ ዳሰስኩ። አንዲት ጠብታ የለችም።

ፍራሹ ላይ ግን አንድ ነገር አገኘሁ።

አለም፣ ይህን ገጽም እንደምታነቢው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ለአንቺ ልጻፈው። የፀጉር ማስያዣሽን በትራሱ በኩል አግኝቼዋለሁ። መደርደሪያው ላይ አስቀምጬልሻለሁ። ትናንት እኔ ቅዳሴ ላይ ሳለሁ እዚያ ተኝተሽ እንደነበር አልጠይቅሽም፤ ወገብሽ ምን እንዳለ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ። ዋጋዬ ዛሬም ደውላ «እህቴ ትመጣለች?» ብላኛለች። ባብከር ደግሞ «ጋቢናውን ለሌላ ሰው ከመስጠቴ በፊት ቁርጡን ንገረኝ» ብሎኛል።

እርሳሱን ገጹ መሐል ትቼዋለሁ። ቆጥ ነው ካልሽም ቆጥ ይሁን፤ ቃሉን እንደፈለግሽ አርሚው። ግን ትሄጂ እንደሆነ ከዚህ መስመር በታች ጻፊልኝ፣ እባክሽ ቶሎ፣ ነገ ሳይመሽ።