ለአባትሽ የምትቀጂለት ድምፅ

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ኅዳር 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለጣይባ ደርዊሽ
ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ልጄ፣ ዓይኔ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሦስተኛ ፎቅ ያወጣን ዕጣ ነው እንጂ ሌላ ጠላት የለኝም።

በዚህ ዘመን ማን ደብዳቤ ይጽፋል ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ስትደውዪ አባትሽ ሁልጊዜ አጠገቤ ነው። ባይኖርም ይህን ነገር አፌ አውጥቶ ለመናገር አልደፈረም። ስለዚህ ለዑምራ በሚመጡት በእነሙንታሲር እጅ ላክሁልሽ። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

መጀመሪያ ልብሽን ላሳርፈው። ያን ቀን በቪዲዮ ስታናግሪው አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ እህቴ፣ ተሳስተው ነው» ሲልሽ እያለቀስሽ ዘጋሽው። አልረሳሽም። በእሱ ልብ አንቺ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ነሽ። ስልኩ ላይ ያያት መነጽር ያደረገች ትልቅ ሴትዮ ባዳ ሆነችበት፣ ባዳ ሴት ደግሞ አፍጥጦ አያይም።

ድምፅሽን ግን ያውቃል። በ1988 የላክሽልን ካሴት ሊበጠስ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ሳሪስ ሬዲዮ የሚጠግነው ቀናው ወደ ሚሞሪ ገልብጦ ስልኬ ላይ ጫነልኝ፤ ጠዋትና ከሰዓት አሰማዋለሁ። ያኔ ሰላምታ ስትቀጂ ከእያንዳንዱ ሰው ስም በኋላ መልስ የምትጠብቂ ይመስል ዝም ትዪ ነበር። እኛም «ይቺ ልጅ ካሴቱን በከንቱ ጨረሰችው» ብለን ስቀንብሻል። ዛሬ የጠቀመን ያ ዝምታሽ ነው። «አባዬ እንዴት ነህ?» ብለሽ ዝም ስትዪ «አልሐምዱሊላህ፣ አንቺስ ልጄ?» ይልሻል። «አክስቴ ሀኪማስ?» ስትዪ «ወሎ ናት፣ ደህና ናት፣ ትናንት ሰው መጥቶ ነግሮኛል» ይልሻል። ሀኪማ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። አንድ ጊዜ እውነቱን ብነግረው ገና መርዶ እንደ ሰማ ሰው ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ ከዚያ ወዲህ ዝም ብያለሁ።

«እማዬስ?» ስትዪ ደግሞ «ሐጀራ ገበያ ወርዳለች፣ ስትመጣ እነግራታለሁ» ይላል። ይህን ሲል ስልኩን የምይዝለት እኔ ነኝ።

አዎ ልጄ፣ የተረሳሁት እኔ ነኝ። በፊት በሌላ ሰው ስም ሲጠራኝ አብረን እንስቅ ነበር፤ ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። ከረመዳን ወዲህ ጭራሽ አያውቀኝም። አፍሬ ደበቅሁሽ። ሴት በገዛ ባሏ ብትረሳ ምን ያሳፍራታል ትዪ ይሆናል። ያሳፍራል።

በዚህ ብቻ ቢበቃ እችለው ነበር። አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ ሠላሳ ዓመት አሰብና ጅቡቲ ተሳቢ ሲነዳ፣ ባለቤቷ በሌለበት ሴት ብቻዋን ካለች ከዚያ ቤት ገብቶ ውሃ እንኳ አይጠጣም ነበር። አእምሮው ሲሄድ ይህ ጠባዩ አብሮት አልሄደም። እኔን ሲያይ ተነሥቶ ጫማውን ያደርጋል። «እትዬ፣ ባለቤቴ የለችም። እርስዎ አረፍ ይበሉ፣ እኔ ውጭ ሆኜ እጠብቃታለሁ» ብሎኝ ደረጃው ላይ ይቀመጣል። ብርድ ልብስ ሳወጣለት አመስግኖ ይቀበለኛል። ምግብ ግን «ሐጀራ ትምጣ» ብሎ ይመልስልኛል። አንድ ቀን ቆልፌበት «ኧረ ሰው ምን ይላል! ክፈቱልኝ!» እያለ በሩን ሲደበድብ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ከዚያ በኋላ አልቆለፍሁም።

ባለፈው ማክሰኞ ደረጃው ላይ አጣሁት። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን አደሴ ዋናው መንገድ ላይ፣ ከባድ መኪና በሚተላለፍበት መሃል ቆሞ አገኘችው። አንድ ሹፌር ጥሩንባውን እየነፋ ፍሬን ያዘ፤ አባትሽ በአላህ ፈቃድ ተረፈ። «ምን ልትሠራ ወጣህ?» ብትለው «ሐጀራን ልፈልጋት» አላት። እኔን ፍለጋ ሊሞትብኝ ነበር።

አደሴ «ሚስትህ እኮ እቺ ናት» ብትለው ተቆጣ፤ «የገዛ ሚስቴን ላላውቅ ነው?» አለ። በማግስቱ ቢጨንቀኝ ደረጃው ላይ አጠገቡ ቁጭ ብዬ «ወንድም ጋሼ፣ እኔ ሀኪማ ነኝ» አልሁት። ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ገብቶ ጫማውን አወለቀ፣ ከእጄም ጎረሰ። በልቶ ሲጨርስ ምን አለኝ መሰለሽ? «ሐጀራ ስትመጣ አደራሽን እንዳታስቀይሚያት። እኔ መንገድ ለመንገድ ስዞር ልጄን ያሳደገችልኝ እሷ ናት። አንድም ቀን አመስግኛት አላውቅም።» አርባ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ይህን ለመስማት እህቱ መሆን ነበረብኝ። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

ከሰዓት በኋላ ግን «ሀኪማ ወሎ ናት፤ ማን አመጣት?» ብሎ ጫማውን አነሣ።

አሁን ልለምንሽ ነው። እሱ የሚያምነው የአንቺን ድምፅ ብቻ ነው። ልምጣ ላልሽው፣ ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ሳይታደስ ከወጣሽ መመለሻ የለሽም፤ ብትመጪም ፊትሽን አያውቀውም። ይልቅ አዲስ ድምፅ ቀድተሽ ላኪልኝ። እንደ ድሮው ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ እንዳታለቅሺ። «አባዬ፣ አክስቴን ሀኪማን እኔ ነኝ ያስመጣኋት። አብራህ ትኖራለች። ከእጇ ብላ፣ ከቤት አትውጣ» በይው። ከዚያ ዝም በዪለትና ይመልስልሽ። «እማዬስ?» ብለሽ ግን እንዳትጠይቂው። ስሜን ሲሰማ ነው ፍለጋ የሚወጣው። ያንን አሮጌውን ከስልኩ አስጠፋዋለሁ።

ባል ሚስቱን እንደ እናቴ፣ እንደ እህቴ ነሽ ቢላት በዲናችን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሸኹን ጠየቅኋቸው። «አእምሮው ከሄደ ሰው ላይ ብዕሩ ተነሥቷል፤ አይጻፍበትም» አሉኝ። ደስ አለኝ። እያወቅሁ እህትህ ነኝ ስላልሁት ስለ እኔ ግን አልጠየቅኋቸውም።

አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ የሠራሽበትን እጅ ይባርክልሽ፤ በእርጅናሽ የሚያውቅሽ ሰው አያሳጣሽ። አባትሽን በዱዓ አትርሺው።

አንድ ነገር ብቻ፦ እሱ ተኝቶ ስትደውዪልኝ ስሜን ጥሪልኝ። ያን ስም የሚፈልገው አለ እንጂ በእሱ የሚጠራኝ የለም።

እናትሽ
ሐጀራ