ግማሽ ባሩድ

ማክሰኞ፣ ማርች 4

በረዶው ሟሟ። ግቢው ጭቃ ብቻ። ከባንዲራው እንጨት ሥር አሮጌው መድፍ የቆመበት ቦታ ሁለት ጉድጓድ ሠርቶ ቀርቷል። ዛሬ ውሃ ሞልቶባቸዋል።

ሊቭ ከበርገን ደወለች።

"አባዬ፣ መድፉን መረጥክ?"

"እያየሁ ነው።"

"ዓመት ሙሉ እያየህ ነው።"

እውነቷን ነው። ዳቦና ቡናማ አይብ ቆርሼ ነበር፤ ግማሹን ለወፎች ጣልኩት።

አርብ፣ ማርች 7

አሮጌው መድፍ የተሰነጠቀው ሚስቴ ሲኖቨ በሞተችበት ክረምት ነው። ማንም አልሸፈነው። ዝናቡ አፈሙዙ ውስጥ ገባ፣ ውሃው በረዶ ሆነ፣ ብረቱን ሰነጠቀው። ሚስቱን የቀበረ ሰው መድፍ መሸፈን ትዝ ይለዋል?

ትዝ ቢለኝስ... እተኩስ ነበር? እንጃ።

ሜይ አሥራ ሰባት፣ የብሔራዊ በዓላችን ዕለት፣ ጠዋት የመድፉን ተኩስ የሚጀምረው የኛ ቤት ነው። የባሕሩ ሰርጥ አፍ ላይ ያለነው እኛ ነንና። ከኛ ወዲያ ቤት ለቤት ይቀባበሉታል፣ እስከ ውስጥ ድረስ። ሐዘን የገባበት ቤት ግን አይተኩስም። እሱ ካልተኮሰ ደግሞ ማንም አይተኩስም። አንድ ዓመትም ይሁን ሦስት፣ ይጠብቁታል። መቼ ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ያዘነው ሰው ይወጣና አንዴ ይተኩሳል፣ ሰርጡ ሁሉ ይመልስለታል፣ ሐዘኑም አበቃ ይባላል።

አምና ባንዲራው ሁሉ ተሰቅሎ ሰርጡ ጭጭ አለ። በኔ የተነሳ። ሕፃናቱ ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር።

ዘንድሮም ማንም አይጠይቀኝም። ሱቅም ብሄድ ጀልባ ማቆሚያም ብሄድ ስለ አየሩ ብቻ ነው ወሬው። ቢጠይቁኝና ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ማርች 9

ቱርላይቭ ከማዶ በጀልባው መጣ። የሲኖቨ እኅት የኦስታ ባል ነው፤ ሠላሳ ዓመት አብረን ዓሣ አጥምደናል። ገብቶ ተቀመጠ፣ ቆቡን አላወለቀም። ለካ ሊነግረኝ ነው የመጣው።

"ሐኪሙ ኦስታ እስከ በጋ አትደርስም አለ።"

ቡና ቀዳሁለት፣ አልጠጣውም።

ወደ መስኮቱ ሄደና ባዶውን ሣር አየ።

"ደንቡን አውቃለሁ፣ አንፊን። አልጠይቅህም።"

"አትጠይቀኝ።"

"አልጠየቅሁህም እኮ!"

"አዎ፣ አልጠየቅኸኝም።"

በር ላይ ደርሶ ዞረ። "ብቻ እሷ... የእኅቴን ቤት መድፍ አንዴ ሰምቼ ልሂድ ትላለች። ይኸው ነው። አልጠየቅሁህም።"

ማታ እራት አልበላሁም። አንዷን ሸኘሁ። አሁን ደግሞ ሁለተኛዋ ደጃፍ ላይ ቆማ እኔን ትጠብቃለች። ከኔ ምን ይፈልጋሉ?

ቅዳሜ፣ ማርች 15

በመርከብ ተሻግሬ ሹር ዘንድ ሄድኩ። ብረት አቅልጦ መድፍ የሚሠራው ከላሞቹ በረት ጀርባ ነው። ዕድሜው ከኔ እኩል፣ አፉ ግን የጎረምሳ።

የብረቱ መድፍ ከባድና ጥቁር። እንደ መርከብ መድፍ ወፍራም እግር አለው፣ አጭር ጎማ። የነሐሱ ትንሽ ነው፣ ወገቡ ላይ የወይን ሐረግ ተቀርጾበታል፣ ጎማው እንደ ሠረገላ ትልቅ። ሲኖቨ ነሐስ ትወድ ነበር። ስልክ እያወራች የምትወለውለው የነሐስ ዕቃ ካልያዘች ወሬው አይጥማትም ነበር።

ሦስተኛው ጥግ ላይ ነበር። የነሐሱ መንታ ነው፣ ዋጋው ግን ይለያል።

"ይሄስ?"

"እሱ ለዓይን ነው። የመለኮሻው ቀዳዳ አልተበሳም። አበባ አስቀምጥበት፣ ድመት ይተኛበት፣ እንደፈለግህ።"

"አይተኩስም?"

"ጆሮው ላይ ብትጮህ እንኳ አይተኩስም።"

እጄን ጫንኩበት። ቀዝቃዛ። ግቢው ባዶ አይሆንም፣ ሲኖቨም የምትወደው ዓይነት ነው... ማንም ተኩስ ሊለኝ አይችልም። ደረቴ ቀለል አለኝ። አፈርኩም።

አስብበታለሁ ብዬው መጣሁ። የሰው ልጅ ስንት ጊዜ ያስባል?

እሑድ፣ ማርች 16

ኦስታ ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ቀጥኗል፣ ምላሷ ግን ደህና ነው።

"ሊቭ ነገረችኝ። ድዳውን ልትገዛ ነው አሉ።"

"ገና አልወሰንኩም። ደግሞ ያምራል።"

"አበባ ለመትከል ከሆነ ድስት ግዛ። ይረክሳል።"

"ኦስታ፣ አንቺ ደግሞ መጠየቅ ነውር መሆኑን..."

"አልጠየቅሁህም። ስለ ድስት ነው የማወራው።"

ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ዞረ፤ ስልኩን ቱርላይቭ ተቀበላት። የሲኖቨ ሳቅ ነው፣ ቁርጥ የሲኖቨ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወጥ ቤት ቆሜ አለቀስኩ።

ሰኞ፣ ማርች 17

ሹር ዘንድ ደወልኩ። የሚተኩሰውን ነሐስ አልኩት።

"ልብህ ሞላ?" አለኝ። አልሞላም። ግን አልነገርኩትም።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26

መጣ። ሹር በጭነት መኪናው አምጥቶ በሁለት ሳንቃ አወረደው። ከባንዲራው ሥር፣ ጎማዎቹ አሮጌው ጉድጓድ ላይ። ለጎማው ጉድጓዱ ጠበበ። ሌላ ቤት የገባ እንግዳ መሰለ።

ሹር ከመሄዱ በፊት፣ "ሳትሞክረው ለበዓል እንዳታምነው። መጀመሪያ ግማሽ ባሩድ፣ ጥይት የለም፣ ጨርቅ ብቻ ጠቅጥቅ። አንተ ደግሞ ከኋላው እንዳትቆም" አለኝ።

ቆንጆ ነው። ያስጠላኛል።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 28

አምላኬ... ምን አደረግሁ!

ከሰዓት በኋላ ጭጋግ ወረደ። ማዶ አይታይም። ነፋሱም ወደ ውጭ፣ ወደ ባሕሩ። ዛሬ ብሞክረው ማን ይሰማል አልኩ። ተራ ሰኞ ነው፤ ሰው ሥራው ላይ ነው። ግማሽ ባሩድ ለካሁ፣ ጨርቅ ጠቀጠቅሁ፣ ክሩን ለኮስኩና ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ገባሁ።

እንደ በር መዝጋት ያለ ድምፅ ነበር። ከዚያ አይበልጥም። ጭሱ ሣሩ ላይ ተኛ። ይሠራል አልኩ፣ ልሸፍነው የሰም ጨርቁን አነሳሁ።

ከዚያ ከጭጋጉ ውስጥ ድው አለ።

የሀውገ ቤት ነው፣ ከኛ ቀጥሎ ያለው። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ። ቤት ለቤት እየራቀ፣ እየቀጠነ እስከ ውስጥ ድረስ ሄደ። ይጠብቁ ነበር ለካ! ባሩዳቸውን አዘጋጅተው፣ ጆሯቸውን ቀስረው፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ።

"ሙከራ ነው!" ብዬ ጮህኩ። በጭጋግ ውስጥ፣ ብቻዬን፣ እንደ እብድ።

ሁሉም አልቆ ዝም ካለ በኋላ፣ በጣም ቆይቶ፣ አንድ ከማዶ ተተኮሰ። የቱርላይቭ ነው። ለምን እንደዚያ ዘገየ?

ሳይመሽ በየጀልባቸው መጡ። ክሬም ኬክ፣ ዋፍል፣ ሦስት ዓይነት ጃም። የሀውገ ሚስት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ "እንኳን ተመለስክልን፣ አንፊን" አለች። አልተመለስኩም ልበላት? ኬኩን ቆረስኩ። ፈገግ አልኩ። እስኪሄዱ ድረስ መንጋጋዬ አመመኝ።

ሐዘኔን ወሰዱብኝ። በግማሽ ባሩድ። አንድ እሱ ብቻ ነበር ከእሷ የቀረኝ።

ሐሙስ፣ ሜይ 1

ወደ ማዶ ቀዘፍኩ። ለአንድ ሰው እንኳ እውነቱን ልናገር ብዬ። ኦስታ አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው። ፊቷ አልቋል፤ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ቱርላይቭ እስኪወጣ ጠበቅሁ።

"ኦስታ፣ ያ ተኩስ... ሙከራ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"እንዴት?"

"ግማሽ ባሩድ ነዋ! ሲኖቨ እንደዚያ ስትተኩስ ሰምተህ ታውቃለህ? መስኮት ካላረገፈች መቼ ደስ ይላት ነበር።"

"ታዲያ ለምን መለሳችሁ?"

"እኔ ነኛ የመለስኩት። ቱርላይቭ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በረንዳ አወጣኝ፣ ክሩን በእጄ ለኮስኩት። ለዚያ ነው የዘገየነው።" ብርድ ልብሱን ወደ አገጯ ሳበች። "ለማንም እንዳትናገር። ደስ ብሏቸዋል።"

"እኔ ግን አልጨረስኩም፣ ኦስታ።"

"እኔስ እኅቴን ጨረስኩ? ማን ይጨርሳል?" እጄን ያዘች። እጇ ክብደት የለውም። "ለአሥራ ሰባት ሙሉውን ባሩድ አድርግ። ቃል ግባልኝ።"

ቃል ገባሁላት።

እሑድ፣ ሜይ 11

ኦስታ ዛሬ ጠዋት አረፈች።

አርብ፣ ሜይ 16

ቀበርናት። ከሲኖቨ ጎን። ዝናብ። ቱርላይቭ ኮቱን ሳይቆልፍ ቆሞ ውሃው አንገቱ ውስጥ ይገባል። ሊቭ ጃንጥላ ያዘችለት፤ ያየ አልመሰለኝም።

ነገ አሥራ ሰባት ነው። ቃሌስ? ሙሉ ባሩድ ለክቼ ቆርቆሮው ውስጥ ካስቀመጥኩ ሰንብቷል።

ቅዳሜ፣ ሜይ 17

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፣ ሲነጋ አባራ። ባንዲራ ሰቀልኩ። ሊቭ የእናቷን የበዓል ቀሚስ ለብሳ ወጣችና መድፉ አጠገብ ቆመች።

"ትተኩሳለህ?"

"አይ።"

ሌላ አልጠየቀችኝም። በየቤቱ በረንዳ ላይ ሰው ቆሟል፤ ከዚህ ይታያል። ማንም አልተኮሰም። እኔን ሳይሆን ማዶ፣ የቱርላይቭን ቤት ነው የሚያዩት። ያኔ ገባኝ፤ አምናም እንዲህ ቆመው ነበር። እኔ ነበርኩ ያላየኋቸው።

ይቅር በይኝ፣ ኦስታ። ባሩዱ ቆርቆሮው ውስጥ ነው፣ ደረቅ ነው። ቃሌን አልበላሁም፤ አቆየሁት።

የመድፌን የሰም ጨርቅ ገፍፌ ጀልባዬ ውስጥ ጣልኩና ቀዘፍኩ። ቱርላይቭ ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ ያልተላጨ፣ ኮቱ ያው የትናንቱ። የእሱ ቤት መድፍ የእኅትማማቾቹን እጅ ብቻ ነበር የሚያውቀው። አሁን አፈሙዙ ወደ ሰማይ ተከፍቶ ውሃ ሞልቶታል። ደፋሁት። በእጅጌዬ ውስጡን አደረቅሁ። በጨርቁ ሸፍኜ በገመድ አሰርኩት፤ ክረምት ይምጣ፣ ሌላም ክረምት ይምጣ እንዳይሰነጠቅ።

"ያንተንስ በምን?" አለኝ ቱርላይቭ።

"ድስት አለኝ።"

አፉ ፈገግ ሊል ዳዳው፣ ከዚያ ፊቱ ተሸበሸበና በሁለት እጁ ሸፈነው። አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እስኪመሽ ተቀመጥን። መቼ ነው ብዬ አልጠየቅሁትም።

ቤት ስገባ የሲኖቨን ትልቁን የዓሣ ድስት አውጥቼ መድፌ አፍ ላይ ደፋሁት።