በጾሜ ምክንያት ከታይናን ላስመለሱኝ ክቡር ዳይሬክተር

ለተከበሩ የኮሌጃችን የውጭ አገር ትምህርት ጽሕፈት ቤት ዳይሬክተር፣
ሲያትል

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እርስዎ የእኔን ጤና ሳይጠይቁኝ እንዳወቁት ሁሉ እኔም የእርስዎን ሳልጠይቅ ባውቀው ደስ ባለኝ፤ ዳሩ ግን እኛ ቤት ሰው ስለ ጤናው የሚጠየቀው ራሱ ነውና ያደግሁበትን መተው አልቻልሁም። ቁርስዎን፣ ምሳዎንና እራትዎን ሳያዛንፉ እየበሉ እንደሆነ ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ ጽፌ በማኅበረሰባችን ጋዜጣ ማውጣቴም ቅር እንዳያሰኝዎ። እናቴን በእንግሊዝኛ ሲመረምሯት አስተርጓሚ አላስፈለገዎትም ነበር፤ አሁን ቢያስፈልግዎ ግን የምንኖርባት የፌደራል ዌይ ከተማ ሙሉ አስተርጓሚ አለልዎ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የኮሌጁ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቻይንኛ ልማር ለአንድ ዓመት ወደ ታይዋን፣ ታይናን ወደምትባል ከተማ ተልኬ ነበር። ዐቢይ ጾም በገባ በአርባ አንደኛው ቀን፣ የመጨረሻው ፈተና ሁለት ወር ሲቀረው፣ «ይህች ልጅ አትበላም» ተብዬ በክቡርነትዎ ትእዛዝ ሻንጣዬን ይዤ ተመለስሁ። አሁን መስከረም ላይ ተመልሼ ትምህርቴን ልጨርስ አመልክቻለሁ፤ የሚቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። እስኪ ውለታዎን በተራ በተራ ልቁጠር።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። የመኝታ ቤታችን ኃላፊ ወይዘሮ ሊን ቁርስ ላይ እንደማልታይ አስተውለው፣ እንደ እናት ተጨንቀው ለዩኒቨርሲቲው ተናገሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለእርስዎ ጻፈ። በማግሥቱ ወይዘሮ ሊን ራሴን ጠርተው ጠየቁኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም እንደማልቀምስ፣ ከዚያ በኋላም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል እንደማልነካ በዚያ በሚሰባበር ቻይንኛዬ አስረዳኋቸው። እሳቸው ሳቁ። እሳቸውም ጨረቃ በገባች በመጀመሪያውና በዐሥራ አምስተኛው ቀን ሥጋ አይበሉም ኖሯል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉ ያለ እንቁላል ጠብሰው ከጎመን ጋር ከድነው ያስቀምጡልኝ ነበር። ተሳስቼ ነው ብለውም ለዩኒቨርሲቲው አስጻፉ። ያ ሁለተኛው ደብዳቤም ደርሶዎታል፤ ፋይሌ ውስጥ «ታይቷል» ተብሎበት አግኝቼዋለሁና ስላዩት አመሰግናለሁ፤ ቢያነቡት ደግሞ እንዴት ባመሰገንሁ።

ሁለተኛ፣ እናቴን ስላከበሩልኝ። እናቴ ወይዘሮ ውብአየሁ በየቤቱ እየሄደች አረጋውያንን የምትንከባከብ ሴት ናት። ሥራ ላይ ሳለች ደውለው ልጅሽ እውነት አትበላም ወይ ሲሏት ደስታዋን አልቻለችውም። በዚህ አገር ሃያ ዓመት ስትኖር ስለ ጾም የጠየቃት የመጀመሪያው ባለሥልጣን እርስዎ ነዎት! አዎን አትበላም፣ እኔም አልበላም፣ አባቷም አይበላም፣ ከሰባት ዓመቷ ጀምራ ነው፣ ጠንካራ ልጅ ናት አለችዎ። እርስዎም ጻፉ፦ «ችግሩ የመላው ቤተሰብ ነው። በሰባት ዓመቷ ጀምሯታል። እናትየዋ ትኮራበታለች።» በቃል ያለ ይረሳል በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላልና፣ ይህ ርስቴ ሆኖ ቀርቷል። እናቴ ግን እስከ ዛሬ «ያስመለስኋት እኔ ነኝ» ትላለች፤ የማታውቀው ቁጥር ሲደውልላት አታነሣም። ስለዚህኛው የሚሆን ቀልድ የለኝም። ተናድጃለሁ።

ሦስተኛ፣ የንስሐ አባቴ ቀሲስ ፍቅረ ሥላሴ ጾም ምን እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሆነ፣ ስንት ሚሊዮን ሰው እንደሚጾመው በሁለት ገጽ ጽፈው ማኅተም አድርገው ላኩልዎ። እርስዎም ቀሲስ ፈቃድ ያላቸው የጤና ባለሙያ ስላልሆኑ ደብዳቤያቸውን መቀበል እንደማይቻል በትሕትና መለሱላቸው። ልክ ነው። እኔን «የአመጋገብ ሕመምተኛ» ብሎ የጻፈው የቢሮዎ ጸሐፊም የጤና ባለሙያ አይደለም፤ የእሱን ግን ተቀብለዋል። አንድም ሐኪም ሳያየኝ ነው ይህ ሁሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

ቀጥሎ ያለውን ስንተኛ እንደምለው አላውቅም፤ ከሁሉ የሚብሰው እሱ ነውና። ተመልሼ እንድሄድ ከፈለግሁ በቀን ሦስት ጊዜ ለመብላትና የእያንዳንዱን ሳህን ፎቶ ለቢሮዎ ለመላክ እንድፈርም ወረቀት ልከውልኛል። እኔ ታይናን በሳምንት አርባ ፊደል አጠና ነበር። የቆሻሻ መኪናው እንደ አገሩ ልማድ ሙዚቃውን እያሰማ ሲመጣ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር የቆሻሻ ከረጢታችንን ይዘን ደረጃውን በሩጫ እንወርድ ነበር። ገበያ ውስጥ በቻይንኛ ዋጋ መከራከር፣ ወይዘሮ ሊንንም ማሳቅ ጀምሬ ነበር። አሁን ከወላጆቼ ቤት ሆኜ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ሲጠፉብኝ አያለሁ። ይህን ሁሉ ለመመለስ የሚጠየቀው አንድ ፊርማ ነው፤ ያንንም አልፈርምም። በሰባት ዓመቴ ማንም ሳያስገድደኝ የያዝሁትን በሃያ አንድ ዓመቴ ለአንድ ቢሮ ብዬ አልተውም።

የክቡርነትዎ ማዕድ አይጉደል፤ ቢሮዎ በእርስዎ ምክንያት የሚጨነቅበት ቀን አይምጣ።

ቁርስ ሳትበላ በሙሉ ጤንነትና በሙሉ ንዴት የጻፈችልዎ፣
ጸጋ ኪዳነ ወልድ
በፋይልዎ መሠረት ሕመምተኛ

ያልተጻፈ እንዳይቀር፦ ቢሮዎ በር ላይ፣ «ዓለም ትጠብቃችኋለች» በሚለው ትልቅ ማስታወቂያ ላይ፣ የቶፉ ሳህን ይዛ የምትስቀው ልጅ እኔ ነኝ። ፎቶውን ከወርኃዊ ሪፖርቴ ጋር የላክሁልዎ ራሴ ነኝ፤ ያነሡኝ ወይዘሮ ሊን ናቸው፤ ቀኑ የጾሙ ሠላሳኛ ቀን፣ ሰዓቱም ዘጠኝ ተኩል ነበር። እንግዲህ የጠየቁኝ የሳህን ፎቶ በርዎ ላይ ተሰቅሎልዎታል። ልጅቷ ታማ ከሆነ ያውርዷት፤ ደህና ከሆነች መስከረም ሳይጠባ ወደ ታይናን ይመልሷት።