የእህቴ ቀሚስ ቁራጭ

ማክሰኞ፣ ጥር 6
የሊጥ ማቡኪያውን የማርሽ ሳጥን ከፍቼ አጠብኩ። ዘይት ቀየርኩ። ምሳ ሳይደርስ ገጥሜ አስረከብኩ። ፎርማኑ ጆሮውን ማሽኑ ላይ ለጥፎ አዳመጠና «እጅህ ይባረክ» አለኝ። ከሱ አፍ ይህ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም... ደስ አለኝ። ማታ ለእህቴ ለእትዬ ነገርኳት። «ሰውዬው አሞት ይሆን?» አለች። እሷ ብስኩት ማሸጊያው ጋ ናት። ፋብሪካውም ውስጥ ያስገባችኝ እሷው።

ሐሙስ፣ ጥር 8
ማቡኪያው ጮኸ። ጨሰ። ቀጥ አለ።

ስንከፍተው የትልቁ ማርሽ ጥርስ ረግፏል። ፎርማኑ ባትሪ አብርቶ ጎንበስ አለና ከዘይት ማለፊያው ቀዳዳ በፒንሳ አንድ ነገር ጎተተ። ጨርቅ። ሰማያዊ፣ ቢጫ አበባ ያለበት።

የእትዬ አሮጌ ቀሚስ። ለመወልወያ ብላ ራሷ ቀዳ የሰጠችኝ። ሳጥኑን ሳጥብ ቆሻሻ እንዳይገባ ቀዳዳውን ወትፌበት ነበር። ስገጥም ሳላወጣው... ምን እያሰብኩ ነበር? ምንም። ርቦኝ ነበር፣ በቃ።

ማንም ሳይጠይቀኝ «የኔ ነው» አልኩ። ፎርማኑ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 9
ማርሹ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሳምንታት ይፈጃል አሉ። ለኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ እስከዚያው መፍቻ እንዳልነካ፣ ወለል እንድጠርግ ተባልኩ። ደመወዜ ግን አለ። የማሸጊያዎቹ ሴቶች የቀን ሠራተኞች ናቸው። «ስንጠራችሁ ትመጣላችሁ» ተብለው ተሰናበቱ። እትዬም አብራ ወጣች።

የባሰው ደግሞ... ፎርማኑ ጨርቁን ለሌላው መማሪያ ይሁን ብሎ በሩ አጠገብ ሰቅሎታል። ሴቶቹ ሲወጡ አዩት። እትዬ ያንን ቀሚስ ለብሳ ስንት ዓመት አብራቸው ሠርታለች።

«ውይ፣ ያንቺ ቀሚስ አይደል እንዴ?» አለቻት አንዷ።

«ታዲያ በቀሚሷ አነቀችን» አለች ሌላዋ። ሳቁ። እትዬ አልሳቀችም።

እሑድ፣ ጥር 11
አታናግረኝም። ምግብ ታቀርባለች፣ ትነሳለች። «ይቅርታ እትዬ» አልኩ። «ለኔ ምን ትለኛለህ? ለሴቶቹ በላቸው» አለች። ሁለት ልጅ ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ያለኝን ሰጠኋት። «ይሄ የልጆቹ ነው» ብላ ተቀበለችኝ። ኩርፊያው ግን እንዳለ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 17
ከሴቶቹ አንዷን መንገድ ዳር ሽንኩርት ስትቸረችር አገኘኋት። ያቺው «በቀሚሷ አነቀችን» ያለችው። እንደምንም ይቅርታ ጠየቅኩ።

«ይቅርታውስ ይሁን። አንድ ኪሎ ግዛ» አለችኝ።

ገዛሁ። ቤት ስገባ እትዬ ከማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ሁለት ኪሎ አትገዛም ነበር?» አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ... ቁጣም ቢሆን ወሬ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 10
ማርሹ መጣ። ሴቶቹ ለነገ ተጠርተዋል። ፎርማኑ «ያበላሸው ያቃናዋል፤ አንተ ነህ የምትገጥመው» አለኝ። ደግሜ ባበላሸውስ? እትዬ ጥግ ይዛ የሆነ ነገር ትሰፋለች። ምን እንደሆነ ስጠይቃት «ሥራህን ሥራ» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11
ጠዋት በር ላይ አስቆመችኝ። የቀሚሱን ትራፊ ቀዳ ቀዳ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ አንድ ረጅም ገመድ ላይ ሰፍታዋለች።

«ወገብህ ላይ እሰረው። ከዚህ በኋላ ጨርቅ የሚቀር ከሆነ አንተም አብረህ ትቀራለህ።»

ቱታዬ ላይ አሰርኩት። ጥገና ክፍል ስገባ «ባለ ጭራው መጣ» ተባለ። ይበሉ። ማርሹን ገጠምኩ፣ ወለወልኩ፣ ክዳኑን ከመዝጋቴ በፊት ጭራዬን ወደ ኋላ ሳብኩት። ሁሉም ከኔው ጋር ነው። አስነሳሁት። ፎርማኑ ጆሮውን ለጠፈ። በአዎንታ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ከሱ ይህም ብዙ ነው።

ብስኩት መውረድ ሲጀምር በማሸጊያው በኩል አለፍኩ። ሴቶቹ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ባለ ሽንኩርቷ ጭራዬን ያዝ አድርጋ «ኧረ ይሄ ባለ ጭራ የማን ነው?» አለች። ሁሉም ሳቁ። አንገቴን ደፋሁ።

እትዬ ከእጇ ካርቶኑን ሳትለቅ፣ ቀና ሳትል፣ «የኔ ነው» አለች።