የጥምቀት እጥበት በኩሬዬ

ታኅሣሥ 3
ብርድ። ንፋስ የለም። ባሌ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ደጅ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ፤ እኔ ኩሬው ዳር።
አረንጓዴውን ዝልግልግ ዛሬም በአሮጌ አጎበር ገፈፍሁት። ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ እንዳነበብሁት፣ እበትና ሳሙና ምግቡ ነው። ከብቶቹን በእሾህ ካጠርሁባቸው ወዲህ የታችኛው ድንጋይ መታየት ጀምሯል። ቀሪው ጋዜጣ ተቀዷል... ምን ይል ይሆን?

ታኅሣሥ 18
መሪጌታ ደስ ብሏቸው ገቡ። ወንዙ ስለደረቀ ለጥምቀት ታቦቱ ዘንድሮ እኛ ኩሬ ይውረድ ብለው ቃል ሰጥተው መጡ።
"እኔን ሳይጠይቁ?"
"ለታቦት ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ፣ አንቺ ሴት!"
ምን ልበል? ደስም አለኝ እኮ። በገዛ አካፋዬ የቆፈርሁት...

ታኅሣሥ 26
አጥሬ ተከፍቷል። የባሌ እኅት ሰብለ ወንጌል የመንደሩን ሴት አስከትላ ለጥምቀት ነጭ ልብስ ታጥባለች። ኩሬዬ ውስጥ! አረፋው ዳር እስከ ዳር።
"ሌላ ቦታ አጣችሁ?"
"ታቦት የሚወርድበት እያለ? በረከቱ ልብሳችን ላይ እንዲያድር ነው፣ ዋርሳዬ። አንቺም ያንን ቀሚስሽን አምጪው፣ ለዓመቱ አንዴ ይታጠብ!"
ሳቁብኝ። ዝም ብዬ ገባሁ። ለምን ዝም አልሁ?

ታኅሣሥ 30
የገና ማግሥት። አረንጓዴው ተመልሷል። ይሸታል።
"ሲባረክ ይጠራል" አሉ መሪጌታ።
ይባረክ፤ ማን እንቢ አለ? ግን ሕፃን ሁሉ በእፍኙ ይጠጣዋል። ሆዱን የቆረጠው እንደሆነስ? ቆሻሻውን ያስገባነው እኛ፣ እንዲያወጣ የምንጠብቀው እግዜርን...

ጥር 2
ሰንበቴ ላይ ቄሰ ገበዝ ወልደ ዮሐንስ ስለ ኩሬው መሪጌታን አመሰገኑ። ተነሣሁ። እኔ!
"አባቴ፣ ውኃው ተበላሽቷል። እኔ ለልጅ አላጠጣውም።"
ቄሰ ገበዝ ወደ ባሌ ዞሩ።
"እርስዎ ምን ይላሉ፣ መሪጌታ?"
መሬት መሬት አዩ። "ኩሬው የእሷ ነው" አሉ።
ሩቅ ቢሆንም ታቦቱ ጣና ዳር ይወርዳል ተባለ። ሰብለ ወንጌል በጆሮዬ፣ "ደጃችን የመጣውን ክብር መለስሽው፤ ደስ ይበልሽ!"
መሪጌታ ማታውን አላናገሩኝም።

ጥር 3
ማለዳ አጥሩን መልሼ ዘጋሁ። ከኩሬው በታች ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ለልብስ ማጠቢያ ጠረግሁ፤ እጣቢው ወደ ገደሉ እንዲወርድ ቦይ አወጣሁ። መሪጌታ ሳይናገሩ ከጓሮ አንድ በርሜል አንከባለው አመጡልኝ። ከኩሬው ቀድቼ ሞላሁት። ሰብለ ወንጌል ልብሷን ተሸክማ መጣች፣ እንዳኮረፈች። ባልዲውን አቀበልኋት።