ወፏ በጥር የለችም

ውድ እጸገነት፣

ደውዬ ብነግርሽ ይቀል ነበር። ግን ድምፅሽን ስሰማ እንደምለሰልስ አውቀዋለሁ፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ለዚህ ነው በጽሑፍ የመጣሁብሽ።

መጀመሪያ የሰፈር ወሬ ልንገርሽ። ካዛንቺስ፣ ከመስክ ስንመለስ ጭቃ ጫማችንን በር ላይ እያስወለቀች ፍርፍር የምታበላን የጀማነሽ ቤት ፈርሷል። እሷ ግን ማን ብሏት ትቀመጣለች፤ ወሎ ሰፈር ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይታ ከፍታለች። ባለፈው ሳልፍ «ያቺ የወፍ ጓደኛሽስ?» አለችኝ። «ደህና ናት» ብዬ አለፍኩ። ምን ልበላት?

እዚያ ቤት ነበር እኮ የተማማልነው። ወፍ እናጠናበት የነበረው ጨፌ ውስጥ በደረታችን ተኝተን፣ አልቅት ከእግራችን እየነቀልን፣ ያቺን ክንፏ ነጭ የሆነ ትንሽ የረግረግ ወፍ ከነጫጩቶቿ ባየን ሰሞን። እኔ ላስነጥስ ስል አፌን አፍነሽ ልትገድዪኝ ነበር። ያኔ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ የፈቃድ ባለሙያ ይፈልጋል ተባለ። አልገባም ያልኩት እኔ፣ ግቢ ያልሽው አንቺ።

«አንዳችን በር ላይ መቆም አለብን፣ መርሂ» አልሽኝ። «እኔ ከወፏ ጋር ልቅር፣ አንቺ ወንበሩን ያዢ። ጨፌውን አደርቃለሁ የሚል ሰው ሲመጣ ባንቺ በኩል ነው የሚያልፈው።»

«ወንበር አሟቂ ልታደርጊኝ?»

«አዎ፣ በደንብ አሙቂው!»

እየሳቅሁ ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ ፋይልና ስብሰባ ሆነ፤ ዛሬ የጠጠር ማምረቻ፣ ነገ የቆዳ ፋብሪካ። ክረምት በመጣ ቁጥር ሆዴ ይባባል፤ ግን «እጹ እዚያ አለች» እያልኩ እጽናና ነበር። ለባለሀብት የአካባቢ ጥናት የሚሠራ አማካሪ ድርጅት መግባትሽን ስሰማም አልተቀየምኩም፣ ኡራኤልን! ሰው ድንኳን ውስጥ ማርጀት የለበትም።

ከዚያ የአንድ አበባ እርሻ የፈቃድ ጥያቄ መጣ፤ ሌላ ቦታ የለ ይመስል ጨፌያችን ላይ። ስብሰባ ገብቼ ቀና ስል፣ ኮት ለብሰሽ ፕሮጀክተሩ አጠገብ ቆመሻል።

«በጥናታችን ስጋት ላይ ያለ የወፍ ዝርያ አልተገኘም» አልሽ።

በስብሰባ ወግ አንቱ ብዬ ጠየቅኩሽ፤ «ጥናቱን ያካሄዱት መቼ ነው?»

«በጥር።»

«ለምን በጥር?»

«መንገዱ ደረቅ ስለሆነ።»

አለቃዬ አቶ ገብረክርስቶስ ሳቁ። «በሐምሌ ገብተው ይስመጡ እንዴ፣ ወይዘሪት መርሃዊት?» ሁሉም ሳቀ። አንቺም ፈገግ አልሽ። ወፏ ከዝናቡ ጋር መጥታ መስከረም ሳያልቅ እንደምትሄድ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ስንወጣ ክንዴን ይዘሽ ካፌ አስገባሽኝ።

«አልዋሸሁም እኮ» አልሽ። «በጥር ወፍ የለም።»

«ሌላው ሳያውቅ ነው በጥር የሚሄደው። አንቺ አውቀሽ ነው።»

«በቃ አታካብጂው! ሌላ ሰው ቢይዘው ይብስ ነበር። እኔ ቢያንስ የጨፌው ዳር እንዳይነካ አስቀርቻለሁ።»

«ዳሩ ላይ አትፈለፍልም፣ እጹ።»

«ስንት ክረምት ጭቃ ላይ ተኛሁ፣ አንቺ ማኪያቶሽን ስትጠጪ! ማን አመሰገነኝ? ወፏ?»

ደክሞሻል፣ ይገባኛል። እዚህ ድረስ እኮ ይቅር ልልሽ እችል ነበር።

በማግስቱ ግን መዝገብ ቤት የምትሠራው ሐሴት፣ ወሬ የማያመልጣት፣ ሻይዋን ይዛ መጣች። «ጓደኛሽ ስትወድሽ!» አለችኝ። «ፋይሉ ለሌላ ሰው ሊመራ ነበር እኮ። ‹ለመርሃዊት ይሁንልኝ፣ እሷ አታጉላላኝም› ብላ የለመነችው ራሷ ናት።»

የገደልሽኝ እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ፈርሞት ቢሆን «ባለማወቅ አለፈ» ብዬ አለቅስ ነበር። አንቺ ግን ራስሽ በር ላይ ያቆምሻት ዘበኛ ወዳጄ ናትና ትከፍትልኛለች ብለሽ መጣሽ። ወፏ መቼ እንደማትኖር ታውቂያለሽ፤ እኔ ለማን እንደምሸነፍ ታውቂያለሽ። የሁለታችንንም ገመና ይዘሽ ነው የሸጥሽን።

አልፈረምኩም። ጥናቱ በክረምት ይደገም ብዬ መለስኩት። አቶ ገብረክርስቶስ «ልማት በወፍ ሊቆም ነው?» ብለው ሰላምታ ነስተውኛል። እኔ ራሴ እንዳልሄድ፣ ውሳኔ የሚሰጥ ሰው ጥናት አያጠናም፤ ደንቡ ነው። ድርጅትሽ አዲስ ተመራቂዎች ሊልክ ነው አሉ። ጎበዞች ይሆናሉ፤ ግን ድምጿን አያውቁትም። በእግራቸው ሥር ብትሮጥ አይጥ ነው ብለው ያልፏታል። እነሱ ካላገኟት ደግሞ ጨፌው ይደርቃል፣ እኔም ማስቆሚያ የለኝም።

ስለዚህ ልለምንሽ ነው። አዎ፣ ይህን ሁሉ ተናግሬሽ ልለምንሽ ነው። ሐምሌ ላይ ራስሽ ሂጂ። ለእኔ ብለሽ አይደለም፤ የእኔና የአንቺ ነገር አብቅቷል። በወንድምሽ በፍሬአብ ሰርግ ላይ እስምሻለሁ፤ እሱም እናትሽ እንዳያዝኑ ብዬ ነው። ግን በዝናቡ ገብተሽ፣ ተኝተሽ፣ አዳምጠሽ «የለችም» ካልሽኝ አምኜሽ እፈርማለሁ። ስለዚያች ወፍ ከአንቺ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

መርሃዊት
ኡራኤል፣ ግንቦት ሲጋመስ