ሰው ይዘው ይምጡ

ለምወድህ ልጄ ለፍቅረማርያም፣

የድሬ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ከሆዴ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ላይ ስለምትቸኩል ይኸው ጻፍኩልህ።

ያን ሁሉ ዓመት በተልባ ስሸነግለው የኖርኩት ጨጓራዬ ለካ ባክቴሪያ ኖሮበታል። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ባክቴሪያው ብዙ ሲቆይ የሰውነትን ወታደሮች ያዘናጋቸዋል፤ ክፉ ነገር አጠገባቸው ሲያድግ እያዩ ዝም ይላሉ። ሌባ ሰላም ብሎት የሚገባው የኮንዶሚኒየማችን ዘበኛ አምሐ ትዝ ብሎኝ ሳቅኩ። ሐኪሙ አልሳቀም።

አንተም ተመርመር፤ ከእኔ ትሪ እየጎረስክ ነው ያደግከው። አሁን በትንሽ ሳህን ለብቻዬ እበላለሁ፣ እሱም ይተርፋል። ቀሚሶቼን ሁሉ አስጠበብኳቸው።

ሐኪሙ ስለ ባክቴሪያው ይህን ነገረኝና ለቀረው የምርመራ ውጤት "ሰው ይዘው ይምጡ" አለኝ። ሁለቴ ብቻዬን ሄድኩ፤ ሁለቴም መለሰኝ። እኔ ሰው አይደለሁም ወይ? አሁን ደግሞ ለመጪው ማክሰኞ ቀጥሮኛል።

ሥራህን ጥለህ ና ማለቴ አይደለም። ብቻ ወደ ሰፈራችን የሚያመጣህ የዓለም ባንክ ታክሲ ፌርማታው ተቀይሯል፤ አየር ጤና ስትደርስ ከፋርማሲው ፊት ለፊት ነው የምትሳፈረው።

ናፍቆቴ ካለህበት ይድረስህ።

እናትህ አልማዜ